ያነደድነው ወጋግራ

መጋቢት 2015 ዓ.ም. ባሌ ተራራ ላይ የሰው ቤት አነደድን።

ሙሉውን ቤት አይደለም። አራት ወጋግራና ጥቂት ማገር ነው። የሰው ቤት መሆኑንም አላወቅንም ነበር። ይቺን «አላወቅንም» ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኳት አልቆጠርኩም፤ አንዴም አልሠራችልኝም። በዓል በመጣ ቁጥር ግቢ ውስጥ ፍልጥ ሲነድና ሲንጣጣ ስሰማ ያ ከሰዓት ይመጣብኛል። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሦስት ነበርን። አንዷ ጓደኛዬ ባንክ ትሠራለች፣ አንዱ ሐኪም ነው፣ እኔ ደግሞ ያው እኔ ነኝ። ሦስታችንም የአዲስ አበባ ልጆች ነን፤ ተራራ ሲባል እንጦጦ የሚመጣልን። ከዲንሾ ተነስተን፣ የዌብን ሸለቆ ይዘን፣ በወርጎና አድርገን ወደ ሳነቴ አምባ ልንወጣ ነው። ድንኳኑንና ስንቁን የጫኑት ፈረሶች ከባለፈረሶቹ ጋር ይቀድሙናል። አስጎብኚያችን ከእኛ ጋር ይሄዳሉ። ሃምሳን ያለፉ፣ ዝምተኛ፣ ሲራመዱ እግራቸው መሬት የነካ የማይመስል ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ እሳቸው «እናንተ ልጆች» ይሉናል። ከመሀላችን ትንሿ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው።

## ጠዋት ላይ ጨዋ ነበርን

በዚያው ቀን ጠዋት ፊንጫ ሀበራ ነበርን። እዚያ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ወደ ፊት የወጣ አለት እንደ ጥላ የከለለው ቦታ አለ። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ስለዚህ ቦታ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ተናግሯል። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩበት ነበር። ከነሱ በላይ ያሉት ጫፎች በዚያ ዘመን በረዶ ግግር ለብሰው ነበር። ሰዎቹ የሚበሉት ደግሞ ባሌ ላይ ብቻ የሚገኘውን፣ እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝነውን ትልቁን ፍልፈል ነው። የተጠበሰ አጥንቱ ከአመዱ ጋር ተገኝቷል። መሣሪያ የሚሠሩበትን ጥቁር ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ድረስ ወጥተው ያመጡ ነበር። ለቢላ ብለው!

እዚያ የነበረንን ጨዋነት ብታዩ። ቀስ ብለን ነው የገባነው። በሹክሹክታ ነው የምናወራው። ባንክ የምትሠራዋ ጓደኛዬ አንዲት ጠጠር አንስታ ካየቻት በኋላ መልሳ እዚያው ቦታዋ ላይ አስቀመጠቻት፤ ያውም ፊቷን እንደነበረው አዙራ። ሐኪሙ ኮፍያውን አወለቀ። ቤተ ክርስቲያን የገባን ነበር የምንመስለው። ለ47,000 ዓመት አመድ።

ከአምስት ሰዓት በኋላ የአንዲት ሴትዮ ጣሪያ እሳት ውስጥ ከተትን።

## በረዶው

ከሰዓት ላይ ከባለፈረሶቹ አንዱ ከፊት እየሮጠ ተመልሶ መጣ። አንዱ ፈረስ ጭነቱን ጥሏል። ጋሼ «ይቺን መንገድ እንዳትለቁ፤ መጣሁ» ብለውን ሄዱ። አልለቀቅንም። ሰማዩ ነው የለቀቀው። መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ ሽምብራ የሚያክል በረዶ። የዝናብ ልብሳችን የት ነው? ፈረሱ ላይ።

ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ የማይሞላ ርቀት ላይ ካብ አየን። ሮጥን። ከአንድ ትልቅ አለት ሥር የተካበ፣ እስከ ደረት የሚደርስ ክብ የድንጋይ ግድግዳ ነው። በር የሚሆን ክፍተት አለው። ጣሪያ የለውም። ከጎኑ ሰፋ ያለ ሌላ ክብ አለ፤ በረት እንደነበረ ለእኛ ለከተሜዎቹም ይገባል። መሀሉ ላይ ጥቀርሻ የጠጡ ሦስት ጉልቻዎች ተቀምጠዋል። ግድግዳው አለቱን በሚነካበት ጥግ ዝናብ አይገባም። እዚያ ተኮራምተን ቆምን።

እንጨቱም እዚያው ጥግ ነበር።

አሁን ሳስበው ያ እንጨት የቻለውን ሁሉ ነግሮናል። ወድቆ የተበታተነ አልነበረም፤ ተደርድሮ ነበር። ከሥሩ መሬት እንዳይነካው ድንጋይ ተነጥፎለታል። ከላይ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። በገመድ ታስሯል። ጭስ ያጠቆረው፣ ጫፍ ጫፉ የተጠረበ እንጨት ነው። እኛ ያየነው ማገዶ ነው። ሐኪሙ «እግዜር ነው ያስቀመጠልን» አለ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈች ሳኒታይዘር በቦርሳው ነበረች። እሷን አርከፈከፍንበትና ለኮስነው። ፓርክ ውስጥ እሳት ማንደድ እንደማይፈቀድ እናውቃለን። ብርድ ነው፣ ድንገተኛ ነው፣ ማን ያያል ተባባልን። ፎቶም ተነሳን። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ሦስታችንም እየሳቅን ነው፤ ከኋላችን ወጋግራው ይነዳል።

## «ከታች የመጣው እሱ ብቻ ነው»

ጋሼ በረዶው ሲያባራ መጡ። ካቡን በበሩ በኩል ዞረው ገቡ። በዘለነው በኩል አልዘለሉም፤ ይሄንን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። እኛን አላዩንም። እሳቱን አዩ።

ይቆጡናል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡን ይሻል ነበር። ጎንበስ ብለው አንዱን እንጨት በእጃቸው ከእሳቱ ሳቡት። የሚነደውን ጫፍ እርጥብ ሳር ላይ አሻሹት። ከዚያ አዙረው ሌላኛውን ጫፍ አሳዩን። ከአናቱ ላይ በመጥረቢያ የተበጀች ጎድጎድ ያለች ነገር አለች።

«ይሄ ወጋግራ ነው» አሉ።

ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ እኔ «ጋሼ፣ ሰው የሚኖርበት አልመሰለንም» አልኩ። ድምፄ ለራሴ የሌባ መሰለኝ።

«አሁንማ የለም። ክረምት ይመጣሉ።»

«የማን ነው?» አለች ጓደኛዬ።

«የአክስቴ ከወንዙ ማዶ ነበር። የዚህችን ባለቤት አውቃታለሁ። እሷም የሰው አክስት ነች።»

ከዚያ ቁጭ አሉና በጣም ተረጋግተው አስረዱን። ልጅ ሒሳብ ሲያስተምሩ ነው የሚመስሉት። እንዲህ ያለ ጎጆ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ድንጋይ፣ ሳርና እንጨት። ድንጋዩ እዚሁ ሞልቷል። ጓሳው እዚሁ ይታጨዳል፤ ለነገሩ ክዳኑ በየዓመቱ ስለሚበሰብስ ማንም አይሳሳለትም። እንጨቱ ግን እዚህ የለም። አስታ የሚባለው ዛፍ ነው፤ ከታች፣ ጫካው ካለበት ተቆርጦ በፈረስና በአህያ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሰዎቹ ወቅቱ ሲያልቅ ጣሪያውን ያፈርሱታል። ሳሩን ይጥሉታል፣ እንጨቱን ከዝናብ ከልለው አስረው አስቀምጠው ይወርዳሉ። ሲመለሱ ያው እንጨት ይቆማል። ጭስ የጠጣ አስታ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አሁን ደግሞ ፓርክ ስለሆነ አስታ መቁረጥ ክልክል ነው። ያለው እንጨት ያለው ነው።

«እናንተ ልጆች» አሉ፣ እንደ መሳቅም ብለው፤ «ድንጋዩን አልወሰዳችሁም። ሳሩን አልነካችሁም። ያነደዳችሁት ከታች የመጣውን ብቻ ነው።»

እንግዲህ የቀረውን እንጨት እንደነበረው አሰርነው። ስድስት ቀርቶ ነበር። ድንጋዩን መልሰን ጫንንበት። እሳቱን ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያጠፉት። ከዚያ እስከ ድንኳናችን ድረስ ማንም ምንም አልተነፈሰ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚባለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁሌም ስለ ጥጋበኛ ሰው የሚናገር ይመስለኝ ነበር፤ ባለቤቱን አይቶ፣ ለክቶ፣ አቅሙን ገምቶ ስለሚንቅ ሰው። ያን ቀን የገባኝ ሌላ ዓይነት ንቀትም እንዳለ ነው። ባለቤት ሊኖር ይችላል ብሎ ጭራሽ አለማሰብ። ይኼኛው ቂም እንኳን የለውም። ፈገግ ብሎ ፎቶ ይነሳል።

## ጠፍ እና ጦም አዳሪ

ማታ ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከብርዱም ነው። አንዲት ቃል ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ትዞራለች፤ «ጠፍ»።

ጠፍ መሬት እንላለን። ጠፍ ከብት እንላለን። ባለቤቱ የማይታይ ነገር ሁሉ ጠፍ ነው። ጠፍ ያልነውን ነገር ደግሞ ያገኘው ይወስደዋል። የእኛ ጥፋት ከዚህች ቃል አይርቅም። ካቡን ስናየው «ጠፍ ቤት» ነበር ያልነው በልባችን።

ግን አማርኛ ሌላም ቃል አለው። ገበሬ መሬቱን ሳያርስ ለአንድ ዓመት ሲተወው መሬቱ ጦም አደረ ይላል። ጦም አዳሪ መሬት። እንዴት ያለ ቃል ነው! ያ መሬት ባዶ ነው፣ ሰው የለበትም፣ አረም በቅሎበታል። ነገር ግን ማንም ጠፍ አይለውም። ጾሞ ነው፤ ይፈስካል። ለእርሻ ይሄ ቃል ስላለን ጦም አዳሪ ማሳ ላይ ሄደን ቤት አንሠራም። ለቤት ግን ቃሉ የለንም። ዘጠኝ ወር ጦም የሚያድር ቤት ምን ይባላል? «ፍርስራሽ» ነው የምንለው። «ቅሪት» እንላለን ትንሽ የተማርን እንደሆነ።

ባሌዎቹ ቃል አላቸው። ጎዳንቱ ይሉታል። በጋሼ አነጋገር ቤቱም፣ መንገዱም፣ ወቅቱም፣ ከብቱም በአንድ ላይ ጎዳንቱ ነው። ታች ያለው ማሳ በክረምት ይዘራል፤ ከብት የሚረግጠው ባዶ መሬት አይኖርም። ስለዚህ ከብቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውርጩ ወዳለበት፣ ሳሩ ወዳበበበት። ላይ ደግሞ ሆራ አለ፤ ከብት የሚወደው ማዕድን ያለው ምንጭ። አዝመራው ሲሰበሰብ ይወረዳል፤ ከብቱ ቃርሚያውን ይበላል። በጋው ሲከር ደግሞ ጥላ ፍለጋ በሐረና ጫካ በኩል የሚወርድም አለ። ከታች ሆነህ ካየኸው አንድ ቤተሰብ ሁለት ቤት አለው። ከላይ ሆነህ ስታየው አንዱ ሁሌም ባዶ ነው።

ጋሼ ስምንት ዓመታቸው ሳሉ የክረምቱን ወራት ከአክስታቸው ጋር እንዲህ ያለ ጎጆ ውስጥ አሳልፈዋል። በማግስቱ እየሄድን ነገሩን። እንኳን እሳቸው፣ ጥጆቹም እዚያው ጎጆ ነበር የሚያድሩት። በአንድ በኩል ሰው፣ በአንድ በኩል ጥጃ፣ መሀል እሳት። ጠዋት ሲነሱ ፀጉራቸው ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ልጆች ይስቁባቸው ነበር። ገብስ ቆሎ በእርጎ። «ቅቤ ነበር እንደ ጉድ» አሉ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሌሊት ጅብ ሲመጣ አክስታቸው ከውስጥ ሆነው ነው የሚሳደቡት። ስድቡን በኦሮምኛ ነገሩን፣ አልተረጎሙትም።

የእናቴ አባት መንዜ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ስለ ጓሳ ሲያወሩ እሰማ ነበር፤ ትርጉሙ አልገባኝም። ከመቶዎች ዓመታት ጀምሮ መንዞች የጓሳን ሜዳ በጋራ ይዘጉታል፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም ሳር አያጭድበትም፣ ከብት አያስገባበትም። የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ ነበሩ ባለመብቶቹ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ኋላ ላይ ሕዝቡ ራሱ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። አያቴ ስለ ጓሳ ሲያወሩ አንዲት ነገር ይደጋግሙ ነበር። «ባዶ ሲሆን ነው የሚጠበቀው» ይሉ ነበር። ስንት ዓመት አልፎ፣ በሌላ ተራራ ላይ፣ በገዛ እጄ እሳት አያይዤ ነው የገባኝ።

## ሳማ የበቀለበት

ከዚያ ቀን በኋላ ዓይኔ ተከፈተ መሰለኝ፤ በየሄድንበት ካብ ማየት ጀመርኩ። ቀድሞ ሜዳ ብቻ ያየሁበት ቦታ ሁሉ ቤት ሆነ። ጋሼ ዘዴውን አሳዩን። ድንጋዩን አትፈልጉ፣ ቀለሙን ፈልጉ። ዙሪያው ግራጫ ሆኖ መሀሉ ላይ ድንገት ጥቁር አረንጓዴ ክብ ካያችሁ በረት ነበር። ሳማ ካለ ደግሞ አትጠራጠሩ።

ሳማ ከሰው ደጅ እንደማይጠፋ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ነገሩ ግልጽ ነው። ከብት ቀን ሰፊው ሜዳ ላይ ይግጣል፣ ማታ ጠባብ ክብ ውስጥ ይገባል። የሰፊውን ሜዳ ሳር እበት አድርጎ አንድ ቦታ ያጠራቅመዋል። ናይትሮጅኑም ፎስፈረሱም እዚያ ይቀራል። ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ድንጋዩ ይፈርሳል፣ አፈሩ ግን አይረሳም። ደቡብ ምዕራብ ኬንያ ናሮክ አካባቢ የተጠና ነገር አለ። ከ1,500 እስከ 3,700 ዓመት ገደማ በፊት ከብት ያደረባቸው ቦታዎች ዛሬም ከዙሪያቸው የለመለሙ ሜዳዎች ናቸው። የዱር አራዊትም ይወዷቸዋል። ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ የእበት ትዝታ።

እና እኔ እዚያ ካብ ውስጥ ምን ትቼ መጣሁ? አንድ ቀን የሚቆፍር ሰው ቢመጣ ብዬ አሰብኩ። ጉልቻውን ያገኛል። የድሮውን አመድ ያገኛል። ከላዩ ላይ ደግሞ የነደደ የወጋግራ ከሰል። «ጎጆው በቃጠሎ ወድሟል፤ ምናልባት በግጭት» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ሦስት የአዲስ አበባ ሰዎች በሳኒታይዘር ለኮሱት ብሎ ማን ይገምታል?

አራተኛው ቀን ሳነቴ ላይ ወጣን። ከባሌ ትልቁ ጫፍ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ፣ ሜዳው ላይ፣ ትላልቅ ድንጋዮች ጎን ለጎን በረጅም መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ተሰልፈው ስላችሁ በገመድ የተለኩ ነው የሚመስሉት። አሁን እኔ ትሑት ሆኛለሁ። ድንጋይ ካየሁ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። «ጋሼ፣ ይሄኛው ካብ ደግሞ የማን ነው?» አልኩ በአክብሮት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። «እሱ የማንም አይደለም» አሉ።

እውነትም የማንም አይደለም። በበረዶው ዘመን፣ መሬቱ ቀን እየሟሟ ሌሊት እየረጋ፣ ቅዝቃዜው ራሱ እየገፋ ያሰለፋቸው ድንጋዮች ናቸው። አንዳንዱ መስመር አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሰውን ቤት የማንም አይደለም ብዬ ያነደድኩ ሰውዬ፣ የበረዶን ሥራ የሰው ነው ብዬ ሰላምታ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም።

## ቀበሮዎቹም አሉ

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ይሄ ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። ወደ ካቡ ያዘነበልኩት በጥፋተኝነት ስሜት ነው። ተራራው ደግሞ የእኔን ስሜት አይጠብቅም።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ጠላታቸው ጥይት ሳይሆን የእረኛ ውሻ ይዞት የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በዚያው እኛ በሄድንበት በዌብ ሸለቆ ከአራቱ ቀበሮ ሦስቱን ገደማ ጨርሷቸዋል። ጎዳንቱም ድሮ የነበረው ብቻ አይደለም። ለክረምት ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው አለ። ዓመቱን ሙሉ ጭስ የሚወጣበት፣ ቆርቆሮ የለበሰ ጎጆ ሸለቆው ውስጥ አይተናል። መሬት ጦም ካላደረ ምን እንደሚሆን ደግሞ ገበሬ ያውቀዋል። ፓርኩ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲከለል የነበረው የሰውና የከብት ቁጥር ዛሬ ያለው አይደለም። ጠባቂዎቹ ዝም ብለው ክፉ ሆነው አይደለም አስታ አትቁረጡ የሚሉት።

ይሁን እንጂ ኦሮምኛው ቀይ ቀበሮን «ጀዳላ ፋርዳ» ይለዋል። የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ፈረስ ስትወልድ እንግዴ ልጁን ሊበላ ከኋላ ከኋላ ስለሚከተል ነው ይላሉ። ስሙን ያወጣው በመኪና መጥቶ በመነጽር ያየው ሰው አይደለም። ፈረሱ ስትወልድ አብሮ ያደረ ሰው ነው።

ነገሥታቱ ሳይቀሩ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። የአገሩን ወሬ የሚያውቀው ውጭ የሚያድር ስለሆነ ነው።

## አራት አጣና

ከባሌ ስንመለስ ለሴትዮዋ ይስጡልን ብለን ለጋሼ ብር ልንሰጣቸው ነበር። አልተቀበሉም። «የጎደላት እንጨት ነው» አሉ። ነገሩ ትክክል ነው፣ እኛ ግን አስታ ከየት እናመጣለን? ስለዚህ የከተማ ሰው የሚያስበውን አሰብን። ግንቦት ላይ ሮቤ ካለ ሰው ጋር ተነጋግረን አራት አጣና ባሕር ዛፍ ገዛን፤ ቀጥ ያለ፣ የተላጠ። ዲንሾ ድረስ በአይሱዙ ሄደ፣ ከዚያ በፈረስ። ዕዳችንን የከፈልን መሰለን። ሐኪሙ ቡድናችን ውስጥ የአጣናውን ፎቶ ለጥፎ «ተዘጋ» ብሎ ጻፈ።

መስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሪያድ ላይ በነበረው በዚያው ጉባኤ የጌዴኦም መልክዓ ምድር ተመዝግቧል። ደስ ብሎኛል፤ ማን ደስ አይለውም። አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ጌዴኦ የተመዘገበው በባህላዊ ቅርስነት ነው፤ ሰው በእጁ ለሠራው ነገር። ባሌ ደግሞ በተፈጥሮ ቅርስነት። ጅብራው፣ ቀበሮው፣ የደጋ አጋዘኑ፣ ሐረና። ለእነሱም ይገባቸዋል። ዜናውን ሳነብ ግን ያቺ አረንጓዴ ክብ በየትኛው ዓምድ እንደምትገባ አሰብኩ። ሳማው ተፈጥሮ ነው? እበቱስ?

«እንኳን ደስ አለዎት» ለማለት ለጋሼ ደወልኩ። ጥቅምት ላይ ነው። ዲንሾ ነበሩ። አመሰገኑኝ። ፌሽታ ነበር አሉ። ከዚያ ዝም ተባባልን፣ ስልክ ላይ ዝምታ እንደሚከብደው። እኔ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ አጣናው ደረሰ?»

«ደርሷል። እግዜር ይስጥልኝ ብላለች።»

«ጣሪያው ቆመላት?»

ትንሽ አመነቱ። የባሕር ዛፍ አጣና ቀጥ ያለ ነው አሉ። የእሷ ጎጆ አናቱ ጎበጥ ይላል፤ አስታው ስለሚታጠፍላት። ቀጥ ያለ እንጨት ካቡ ላይ አይቀመጥም፤ በነፋስ ይነሳል። ስለዚህ የጥጃ በር አድርጋዋለች። ጥሩ በር ወጥቶታል። ክረምቱን እህቷ ጋር ነው ያሳለፈችው፣ ትንሽ ወረድ ብሎ።

«አመዱን ስታይ ምን አለች?»

«ማን ነው አለችኝ። ልጆች ናቸው አልኳት።»

«ከርሞስ? ትመለሳለች?»

«እንጨት ካገኘች።»

ሌላ ምን እንደምጠይቅ ጠፋኝ። «ካቡስ?» አልኩ፤ «ካቡ እንዳለ ነው?»

«ድንጋዩ የት ይሄዳል?» አሉኝ። የሳቁ መሰለኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም።